ማግኔቱን ተወው፣ ቴርሞስታቱን መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ድሬ ዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ አንድ ጋራዥ ጥላ ሥር ተቀምጬ የፍሬን ሸራ እስኪቀየርልኝ እጠብቅ ነበር። አንድ ጎረምሳ ባለባጃጅ መጣና ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሁለት ጥቁር ማግኔቶች ናቸው። የቤንዚን ቱቦው ላይ ግራና ቀኝ ይታሰራሉ። «ሠላሳ ፐርሰንት ይቆጥባል» አለ። መካኒኩ ቀና ብሎም አላየው። «አቦ፣ አንዱ ሠላሳ ከቆጠበ አራት ጥንድ ግዛና እሰር። ቤንዚኑ ከሰልባትዮው ሞልቶ መፍሰስ ይጀምርልሃል።» ጋራዡ በሳቅ ደመቀ። ልጁ ግን አልሳቀም። ፊቱን ሳየው እኔም ሳቄን ዋጥኩት።

ለምን እንዳልሳቀ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሳት ሲጀምር፣ አንድ ሊትር ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። 2017 ሳይጋመስ ከ100 ብር አለፈ። እስቲ መኪና ልቀይር እንዳትል ደግሞ በሩ ጠቧል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ አይገቡም አለ። እናም ያለችንን ይዘን ቀረን። ያለችህን ይዘህ ስትቀር የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። ምን ብጨምርባት ትንሽ ትጠጣ ይሆን?

እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄው ራሱ ጠማማ ነው። ድሬና ሐረር መንገድ ላይ ባየሁት ልክ፣ ነዳጅ የሚቆጥበው ነገር አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ላይ የሚጨመር ሳይሆን ከመኪናው ላይ የሚነሳ ነው። ወይ ደግሞ እኛው ራሳችን አውጥተን የጣልነውን መመለስ ነው። (ጽሑፉ የድሬ ልጅ ነውና «አንተ» ስል ሴቶቹም ትልልቆቹም እንዳትቀየሙኝ። እዚህ አንቱታ ብዙ አይሠራም።)

መጀመሪያ ቤንዚኑ የት እንደሚሄድ እንይ። ከአሥር ሊትር ውስጥ ጎማውን የሚያዞረው ሁለት ተኩል ወይ ሦስት ሊትር ቢሆን ነው። ሌላው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በማርሚታ ይወጣል። ይሄ የሞተር ጠባይ ነው። አንተም መካኒክህም የምታመጡት ለውጥ እዚህ ላይ ትንሽ ነው። የተረፈችው ሦስት ሊትር ግን የምትጨርሰው እንደ መንገዱ ነው። ከተማ ውስጥ ከመጋላ ከዚራ ስትል የሚበላህ ፍሬን ነው። ነዳጅ አቃጥለህ ያመጣኸውን ፍጥነት ፍሬን ረግጠህ ትጥለዋለህ፤ እንደገና ትገዛዋለህ። በጅቡቲ ድንበር ወዳለችው ደወሌ የሚወስደው ሜዳ ላይ የሚበላህ አየር ነው። ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ላይ ደግሞ ክብደት።

ደንገጎን በቁጥር እንየው። ድሬ ዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረማያ ከ2000 ሜትር ትበልጣለች። ሐረር 1900 ሜትር አካባቢ ናት። መንገዱ በሙሉ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ ግን ብዙው መጀመሪያው ላይ ተቆልሏል። አንድ ቶን የሚመዝን ነገር 800 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት፣ የሞተሩን ብክነት ጨምረህ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ገደማ ይጠይቃል። ይሄ ለጎማና ለአየር የሚወጣውን ሳይጨምር ለከፍታው ብቻ የሚከፈል ነው። እንግዲህ 100 ኪሎ ጭነት ማለት በአንድ መውጣት አንድ አሥረኛ ሊትር ማለት ነው። ሊትሩን በደምሳሳው 120 ብር ብንለው 12 ብር ነው።

ይህችን ስሌት ይዤ የራሴን መኪና ፈተሽኩ። ከኋላ ያለው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አንድ አሮጌ ክሪክ፣ ሁለት ጀሪካን፣ ከወንድሜ ሠርግ የተረፈ ምንጣፍና የማን እንደሆነ የማላውቀው ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ አገኘሁ። ሲሚንቶው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ሁሉም ቢደመር 50 ኪሎ ቢሆን ነው። በአንድ ዳገት ስድስት ብር። በወር ሁለቴ ሐረር ለምወጣው ለኔ ምንም አይደለም። በቀን ሦስቴ ለሚመላለስ ሃይሩፍ ሚኒባስ ግን 18 ብር ነው፤ በወር ከ500 ብር በላይ ይሆናል። ሲሚንቶውን ለማንኛውም አወረድኩት።

ፖርቶመጋላ ሌላ ታሪክ ነው። (መጋላ የሚለው ቃል ድሬም ሐረርም ገበያ ነው። ጣሊያን ያመጣው ፖርቶመጋላ ላይ ገበያውን ሁሉ መጫናችን የስሙ ጥፋት ይመስለኛል።) ጣሪያ ላይ ያለ ነገር ጉዳቱ ክብደቱ ሳይሆን አየር መግፋቱ ነው። አየር ደግሞ ፍጥነትን ይከተላል። ፍጥነትህን እጥፍ ብታደርግ የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካ ኃይል ሚኒስቴር የሚያወጣው መረጃ እንደሚለው፣ ጣሪያ ላይ የተጫነ ትልቅ ሳጥን ከተማ ውስጥ ከ2 እስከ 8 በመቶ ነዳጅ ያባክናል። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሚነዳበት መንገድ ግን እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። ደንገጎን በ40 እየተጠማዘዝክ ስትወጣ ፖርቶመጋላህ ብዙ አይጎዳህም። ወደ ደወሌ በ110 ስትበር ግን ባዶውንም ቢሆን ይዘኸው መሄድ የለብህም። አራት ብሎን ነው፤ ፍታውና ቤት አስቀምጠው።

የአይሱዙ ባለቤቶች ጋቢና ጣሪያ ላይ የሚያስገጥሙት የአየር ማሳለፊያም ሥራው ይኸው ነው። ረጅም ሜዳ ለሚሄድ ይጠቅማል። ከጫት ገበያዋ አወዳይ ድሬ ለሚመላለስ ጌጥ ነው። ለነገሩ ለጫት መኪና ስለ ቁጠባ ማውራትም ከንቱ ነው። ጫት በየሰዓቱ ዋጋው ይወርዳል። ሾፌሩ በሚቆጥበው ነዳጅ ሳይሆን በሚደርስበት ደቂቃ ነው የሚከፈለው። እሱን «ቀስ በል» ማለት ወንዝን ሽቅብ ፍሰስ ማለት ነው።

ወደ ማግኔቱ ልመለስ። ሻጩ የሚለው፣ ማግኔቱ የቤንዚኑን ቅንጣት ይበትነዋል፣ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ይቃጠላል ነው። ችግሩ ግን ደህና ሞተር ውስጥ የገባው ቤንዚን ቀድሞውንም ከሞላ ጎደል ይቃጠላል። ሳይቃጠል የሚወጣው ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ቢሆን ነው። ከዚያ ላይ 30 በመቶ ከየት ይመጣል? የጠፋብህ 10 ብር ከሆነ 300 ብር ፈልጎ ሊያገኝልህ የሚችል ሰው የለም። ቤንዚን ደግሞ ማግኔት የሚስበው ነገር አይደለም።

ውሃን በባትሪ ኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ጋዙን ወደ ሞተር የሚያስገባው ማሰሮም እንዲሁ ነው። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ሞተሩን የሚያዞረው ያው ቤንዚን ነው። በየመሸጋገሪያው ግማሽ እየጠፋ ዞሮ የሚመጣው ከሄደው ያንሳል። የግራ ኪስን ገንዘብ ወደ ቀኝ ኪስ ለማዛወር ደላላ መቅጠር ነው። የመኪናው መመርመሪያ ሶኬት ላይ ተሰክታ አረንጓዴ መብራት የምታበራው ዕቃስ? ብዙዎቹ ውስጣቸው ከመብራቱ በቀር ምንም የለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ባለፉት አሥርት ዓመታት ከ100 በላይ እንዲህ ዓይነት ዕቃዎችን መርምሯል። የሚረባ ለውጥ ያሳዩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነሱም ያመጡት ትንሽ ነው።

ግን ሰው «ሞክሬው ቆጥቦልኛል» ይላል። አይዋሽም። ማግኔት ያሰረ ቀን ልቡ ቁጠባ ላይ ነው። ቤንዚን ቀስ ብሎ ይረግጣል፤ መንገድ ላይ ሞተር ያጠፋል። የቆጠበለት የራሱ እግር ነው፤ ምስጋናውን የወሰደው ማግኔቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስለ ቴርሞስታት፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ ስለሚያግደው ትንሽ በር።

ከአራት ዓመት በፊት ያገለገለች ኮሮላ ገዛሁ። ቆንጆ ናት፤ ግን ትጠጣለች። የሙቀት መርፌዋ ከሢሶ ፈቀቅ አይልም። እኔ ሞኙ «እንዴት ቀዝቃዛ ሞተር ነው!» እያልኩ እኩራራ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ የነዳጅ ማጽጃ የሚባል ፈሳሽ በጠርሙስ በጠርሙስ ጨመርኩ። ምንም። በመጨረሻ አንድ አሮጌ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ራዲያተሩ ላይ የሚገባውን ቱቦ በእጁ ያዘው። ሞተሩ ገና ከተነሳ ሁለት ደቂቃው ነው። ቱቦው ከሞተሩ እኩል ለብ ብሏል። «ቴርሞስታት የለህም» አለኝ። ፈታነው። ቤቱ ባዶ ነው። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ጋራዥ ወስዷት፣ ድሬ ሙቅ ስለሆነ ተብሎ አውጥተው ጥለውለታል።

ይህን ነገር ድሬ ላይ ስንቱ መኪና ላይ እንዳየሁት አልነግርህም። ሐሳቡ ከላይ ሲያዩት ልክ ይመስላል። ከተማው ያቃጥላል፤ ቴርሞስታት ውሃውን ያግዳል፤ ስለዚህ ይውጣ። ግን ቴርሞስታት ሥራው ሞተሩን ወደሚፈልገው ሙቀት ቶሎ ማድረስ ነው። ብዙዎቹ ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይከፈታሉ። የድሬ ፀሐይ በጣም ከፋች ቢባል 40 ዲግሪ ናት። ለሞተር 40 ዲግሪ ብርድ ነው። ቴርሞስታቱ ሲወጣ ውሃው ያለማቋረጥ በራዲያተር ይዞራል፤ ሞተሩ አይሞቅም። የመኪናው ኮምፒውተር ደግሞ ሙቀት ለኪውን አይቶ «ገና አልሞቅኩም» ይላል። ያልሞቀ ሞተር ብዙ ቤንዚን ይፈልጋልና ይጨምርለታል። ሲነጋ ለማስነሳት የሚሰጠውን ቤንዚን ቀኑን ሙሉ ይሰጠዋል ማለት ነው። ዘይቱም ሳይግል ይቆያል፤ ቶሎ ይበላሻል።

ታዲያ ደንገጎ ላይ ለምን ይፈላል? ቤትህ ገብተህ የሻይ ጀበናህን ውስጡን እይ። ያ ነጭ ቅርፊት የድሬ ውሃ ነው። ውሃችን ከድንጋይ ውስጥ ስለሚመጣ ኖራ ይዟል። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ በሞላህ ቁጥር ያው ቅርፊት በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። ራዲያተሩ ሲደፈን መኪናው ይፈላል። መካኒኩ ደግሞ የሚወነጅለው አጥቶ ቴርሞስታቱን ያሰናብታል። ጥፋተኛው ውሃው፣ የታሰረው ጠባቂው። መድኃኒቱ ራዲያተሩን አሳጥቦ ኩላንት መሙላት ነው። ከዚያ ቴርሞስታቱን መመለስ።

የኔ ሲመለስ መርፌዋ መሀል መጥታ ቆመች። የነዳጁ ለውጥ በአንድ ሳምንት ታየኝ።

ቀጥታ የታሰረ ፋንም የዚህ ዘመድ ነው። ቁልፍ ስታዞር ጀምሮ የሚዞር ፋን ዲናሞውን ያስለፋል፤ ሞተሩን ያበርዳል። ሌላው የባሰ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ «ቼክ ኢንጂን» የምትለዋ ብጫ መብራት በጥቁር ፕላስተር የተለጠፈባቸው መኪኖች። ብዙ ጊዜ ከጀርባዋ ያለችው የኦክስጅን ሴንሰር ናት። ጭሱን አሽትታ ለኮምፒውተሩ «በዛ፣ አነሰ» የምትል አነስተኛ ዕቃ ናት። እሷ ስትሞት ኮምፒውተሩ በደመነፍስ ቤንዚን ይጨምራል። የአሜሪካኖቹ መረጃ የኦክስጅን ሴንሰር ብልሽትን ማስተካከል በአንዳንድ መኪና እስከ 40 በመቶ ለውጥ ያመጣል ይላል። ማግኔቱ የቀጠፈው ቁጥር እዚህ ቁጭ ብሎልሃል። ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ አስቆርጠው ቀጥ ያለ ቧንቧ የሚያስበይዱ ልጆችም አሉ። ድምፁ ያምራል፤ አልክድም። ግን በብየዳው ክፍተት አየር ከገባ ሴንሰሯን ያሳስታታል፤ ዞሮ ኪስህን ነው።

ሐረር ስትገባ ወሬው ይለወጣል። የሐረርን ፔጆ 404 ታክሲዎች የማያውቅ የለም። ሞዴሉ መሠራት የጀመረው በፈረንጆቹ 1960 ነው። ሽማግሌዎቹ ዛሬም የጀጎልን ሽቅብ ቁልቁል ይወጡታል። እነሱ ኮምፒውተር የላቸውም። ሴንሰር የላቸውም። ካርቡሬተር ነው ያላቸው፤ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅል ዕቃ። ካርቡሬተር ደግሞ የት እንዳለ አያውቅም። ድሬ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ሐረማያ ሲደርስ አየሩ ሳስቶበታል፤ እሱ ግን የሚሰጠው ቤንዚን እንደ ድሬው ነው። ስለዚህ ሞተሩ ይታፈናል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ጉልበቱ ይደክማል። ዘመናዊ መኪና ይህንን ራሱ ያስተካክላል። የካርቡሬተር መኪና ያለው ሰው ግን መኪናው ብዙ ጊዜ በሚውልበት ከተማ ነው ማስተካከል ያለበት። የሐረር ታክሲ ሐረር፣ የድሬው ድሬ።

የአየር ፊልትሮም ልዩነቱ እዚሁ ላይ ነው። በካርቡሬተር መኪና ላይ የቆሸሸ ፊልትሮ መቀየር ነዳጅ ይቆጥባል፤ በአየር ምትክ ቤንዚን ይስብ ነበርና። በኮምፒውተር መኪና ላይ ግን ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ ቤንዚን ስለሚሰጥ፣ ፊልትሮ መቀየር ጉልበት ይመልስ እንደሆን እንጂ ነዳጁን እምብዛም አይለውጠውም። ለድሬ አሸዋ ሲባል ፊልትሮ መቀየር ግድ ነው። ሞተሩን ያድናል። «ስፖርት ፊልትሮ» ብለው ለቪትዝ የሚሸጡልህን ግን እለፈው።

ጎማ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እዚህ ከተማ ውስጥ የተለመደ አንድ ስህተት አለ። ሙቀት ሲበረታ ጎማ ይፈነዳል ተብሎ ነፋስ ይቀነሳል። ጎሚስታው ራሱ «ትንሽ ላስተንፍስልህ» ይልሃል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የለዘበ ጎማ በየዙሩ ይጨማደዳል። መጨማደዱ ሙቀት ይፈጥራል። የሚፈነዳውም በዚያ ነው። ነዳጁንም የሚበላው ይኸው መጨማደድ ነው። አራቱም ጎማ ከልኩ በአሥር ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ቢጎድል 2 በመቶ ገደማ ነዳጅ ይሄዳል። ልኩ የሾፌሩ በር ጎን ብረት ላይ ተጽፏል። የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። በየአምስት ስድስት ዲግሪው አንድ ፒኤስአይ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ ሐረር በብርድ ጠዋት የሞላኸው ጎማ ድሬ እኩለ ቀን ላይ ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። አትደንግጥ፤ አታስተንፍስ። ፋብሪካው ይህንን አስቦ ነው ቁጥሩን የጻፈው።

ወርደው የተሠሩትን መኪኖች ከፍ አድርጎ፣ ትልልቅ ጎማና ሰፋፊ ቸርኬ ማስገጠምም ፋሽን ሆኗል። ለኮረብታ መንገድ ከሆነ ይገባኛል። ነዳጅ ላይ ግን ኪሳራ ነው፤ ክብደቱም፣ አየሩም። ደግሞ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የጎማው ቁመት 5 በመቶ ከጨመረ ኪሎ ሜትር ቆጣሪህ 5 በመቶ ያህል አሳንሶ ይቆጥራል። ሒሳብህ ሁሉ ይበላሻል።

ኤሲውን አጥፋ የሚልህን ሰው ግንቦት ላይ ድሬ አምጥተህ አሳየው። ልክ ነው፤ ኤሲ በጣም በሚሞቅ ቀን፣ በአጭር ጉዞ፣ ከሩብ በላይ ነዳጅ ሊጨምር ይችላል። ከባዱ ሥራ የቆመች መኪና ውስጥ የታመቀውን እሳት ማስወጣት ነው። እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ከዚራ ዛፍ ሥር አቆማለሁ፤ ሃምሳ እርምጃ ብራመድም ግድ የለኝም። ስነሳ መጀመሪያ አራቱንም መስኮት ከፍቼ አንድ ሁለት ደቂቃ እነዳለሁ። ከዚያ ዘግቼ ኤሲ እከፍታለሁ። ደንገጎ ዳገት ላይ አጠፋዋለሁ። እዚያ ሲደረስ አየሩም ራሱ ኤሲ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ግን አንድ ነገር ልለምንህ። ከደንገጎ ወደ ድሬ ሲወርዱ ማርሹን ፍሪ አድርገው፣ አንዳንዶቹ ሞተሩንም አጥፍተው የሚለቁ አሉ። ቁጠባ ነው ይላሉ። በዘመናዊ መኪና ላይ ቁጠባ እንኳ አይደለም። በማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከቤንዚን ስታነሳ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጋዋል። ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ነው። ፍሪ ካደረግከው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መስጠት ይጀምራል። ሞተሩን ካጠፋኸው ደግሞ ፍሬንህ ይደነድናል፤ መሪህም እንደዚያው። የደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ የደነደነ ፍሬን ምን እንደሚያደርግ ለድሬ ሰው አይነገርም።

ዘይት ላይ ረጅም ወሬ የለኝም። አገሩ ሙቅ ስለሆነ ተብሎ ለአዲስ ቪትዝ ወፍራም ዘይት መሙላት አንድ ሁለት በመቶ ያስከፍላል። መጽሐፉ ያለውን ሙላ። ሞተርህ አርጅቶ ዘይት የሚበላ ከሆነ ግን ወፍራሙ ይሻልሃል፤ ቁጠባውን እርሳው።

ይህን ሁሉ ስታደርግ ግን እንዴት ታውቃለህ ሠራ አልሠራ? ለክተህ ነው። እዚህ ሰው የሚቀዳው በብር ነው። «የአምስት መቶ አድርግልኝ» ይላል፤ መርፌው የደረሰበትን ያያል፤ ይገምታል። መርፌ ደግሞ ዳገት ላይ አንድ፣ ሜዳ ላይ ሌላ ነው የሚያወራው። ደህናው መንገድ ሙሉ በሙሉ መቅዳት ነው። ማሽኑ መጀመሪያ ሲቆርጥ አቁም፤ ኪሎ ሜትሩን ጻፍ። ተጠቀም። እንደገና እዚያው ማደያ ሞልተህ የሄድከውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍል። ሐረር ከሄድክ ደርሶ መልሱን ነው የምትለካው። መውጣቱን ብቻ ለክተህ ብትደነግጥ፣ መውረዱን ብቻ ለክተህ ብትፎክር ዋጋ የለውም። ሦስት ሙሌት ሳትለካ አንድም ነገር አትመን። ወረፋው ሲከፋ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን የቀዳህበትን ሳምንት ደግሞ ከሒሳቡ አውጣው። ውስጡ ምን እንደተቀላቀለ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው።

ሒሳቡ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እኛ የምንጠይቀው «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ብለን ነው። ከ16 ወደ 18 ያሻሻለች ቪትዝ፣ ከ8 ወደ 9 ካሻሻለ ሃይሩፍ የበለጠች ትመስላለች። በ1000 ኪሎ ሜትር አስላው። ቪትዟ የቆጠበችው 7 ሊትር ነው። ሃይሩፉ 14 ሊትር። ብዙ ለሚጠጣ መኪና ትንሽ ለውጥ ትልቅ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሁለት መኪና ያለህ ከሆነ መጀመሪያ ገንዘብህን የምታፈስበት በጠጪው ላይ ነው።

የሚገዛ ዕቃ ሲመጣም እንዲሁ አስላ። በወር 1000 ኪሎ ሜትር ትነዳለህ፤ በሊትር 12.5 ትሄዳለህ እንበል። 80 ሊትር ነው። በ120 ብር ስናባዛው 9600 ብር። አንድ ዕቃ በእውነት 2 በመቶ ቢቆጥብ በወር 192 ብር ነው። ዕቃው 6000 ብር ከሆነ ዋጋውን ለመመለስ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈልጋል። በዚያ ፋንታ ገንዘቡን ለራዲያተር እጥበት፣ ለኩላንትና ለቴርሞስታት ስጠው። እነሱ ቤንዚን ባይቆጥቡልህ እንኳ ሞተርህን ያቆዩልሃል።

ወደ ልጁ እንመለስ። መካኒኩ ካሳቀበት በኋላ እንደ ማዘን ብሎ ተነሳ። የባጃጇን ዙሪያ ሄደ። የኋላ ቀኝ ጎማዋን በጫማው ገፋ አደረጋት፤ ሆዷ ወደ ውጭ ወጥቷል። ከተሳፋሪው ወንበር ጀርባ ሁለት ድምፅ ማጉያና አንድ ተጨማሪ ባትሪ አለ። «ይሄ ስንት ኪሎ ነው?» አለው። ልጁ ሳቀ፤ መጀመሪያ ጊዜ። በሁለቱም ጎን ያለው የላስቲክ መጋረጃ ተፈትቶ እንደ ሸራ ጀልባ ይርገበገባል። መካኒኩ ጎማዎቹን ነፋለት። መጋረጃውን አጣጥፎ በሽቦ አሰረለት። ካርቡሬተሯን አንድ ሩብ ዙር ያህል ነካ አድርጎ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ፤ ትንሽ መለሰ። ሃምሳ ብር ተቀበለው። ድምፅ ማጉያውን ግን ልጁ አላስነካም። «ያለ ሙዚቃ ማን ይሳፈራል?» አለ። እውነቱን ነው፤ ድሬ ነው ይሄ።

ትናንት ለገሃሬ አጠገብ አገኘሁትና ተሳፈርኩ። ማግኔቶቹን የት አደረስካቸው አልኩት። ከመሪው በላይ ያለውን ብረት አሳየኝ። አንዱ የአምስት ብሮቹን፣ ሌላው የአሥር ብሮቹን መልስ ነፋስ እንዳይወስደው ጠፍሮ ይዟል።